«ተዋናይ የሚመዘነው ሌላው ሲናገር ነው!»

(ለጀማሪ ተዋንያን ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

«የማይረሳህ የፊልም ትዕይንት የቱ ነው?» ተብዬ ነው የተጠራሁት። መቼም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ጩኸቱን፣ ለቅሶውን፣ ጥፊውን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራላችሁ አፋቸውን ዘግተው ስለሚተውኑ ሰዎች ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በቅድሚያ ስለራሳችን እንነጋገር። እኛ ትወናን የለመድነው በጆሮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን፣ በድምፁ ብቻ በዛብህንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ ጉዱ ካሳንም ሆኖ ሰምተነዋል። መድረኩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ብሔራዊ ቴአትር የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተመልካች የተዋናዩን ዓይን አያይም፤ ድምፁ ግን ሊደርሰው ይገባል። ይህ የሚያስከብር ሙያ ነው። ጣጣው የሚመጣው ያው ድምፅ ካሜራ ፊት ሲቀርብ ነው። ካሜራው እኮ አፍንጫችሁ ስር ነው ያለው! ለማን ነው የምትጮኹት?

ደግሞ የሚገርመው፣ እንደ ተመልካች ከሆነ ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ የህንዱ ቋንቋ ሳይገባን፣ እንግሊዝኛውም ግማሽ በግማሽ እየሆነብን ነው ፊልም ያየነው። ከጎናችን የተቀመጠው «አስተርጓሚ» እንደሆነ የመሰለውን ነበር የሚነግረን! ታዲያ ማን እንደዋሸ፣ ማን እንደፈራ በምን እናውቅ ነበር? ፊት አይተን ነዋ!

«ዘ ጎድፋዘር»ን (1972) ያላየ እዚህ የለም ብዬ ልገምት። ማይክል አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ አባቱን ሊያስገድል ከሞከረው ከሶሎዞና ከሙሰኛው የፖሊስ መኮንን ጋር ተቀምጧል። ሽንት ቤት የተደበቀለትን ሽጉጥ ይዞ ተመልሷል። ሶሎዞ በጣልያንኛ ያወራል፤ ከስር የተጻፈ ትርጉም የለም። ለምን ይኖራል? ማይክል ራሱ እየሰማው አይደለማ! አል ፓቺኖ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ከማንከራተት በቀር ምንም አይሠራም። የባቡሩ ድምፅ እየጎላ፣ እየጎላ ይመጣል... ፊታችን ላይ አንድ ጨዋ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ለመሆን ሲወስን እናያለን። የፊልም ኩባንያው አለቆች «ይህ ልጅ አይሆንም» ብለው ሊያባርሩት ሲያስቡ፣ ይህን ትዕይንት አይተው ነው የተዉት።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 የሠራው «ኢኪሩ» የሚባል ፊልም አለ፤ «መኖር» ማለት ነው። ዋታናቤ የከተማ አስተዳደር ሹም ነው። 30 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው፣ አንድ ቀን ከሥራ ሳይቀር፣ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው። እናቶች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ «ሰፈራችን ያቆረው ቆሻሻ ውሃ ይደፈንልን፣ ቦታው የልጆች መጫወቻ ይሁንልን» ይላሉ። «እኛን አይመለከትም፣ እዚያ ሂዱ!» ይባላሉ። ከቢሮ ቢሮ ዞረው ዞረው የጀመሩበት መስኮት ላይ ይገኛሉ። (ጃፓን ነው ያልኳችሁ! ሌላ አገር ትዝ ያለው ካለ ጉዳዩ የራሱ ነው።)

ይህ ሰው ሆዱን ያመውና ሐኪም ቤት ይሄዳል። ወረፋ ሲጠብቅ አንድ ወሬኛ በሽተኛ አጠገቡ ይቀመጣል። «የሆድ ካንሰር ከሆነ ሐኪሞቹ እውነቱን አይነግሩህም፤ ቀላል ቁስለት ነው፣ ያሻህን ብላ ነው የሚሉህ» እያለ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። ተዋናዩ ታካሺ ሺሙራ ምን ያደርጋል? ይሰማል። በቃ! እየሸሸ ይሰማል። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ እንደሆነ ከዓይኑ እናነባለን። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ይገባል። «ቀላል ቁስለት ነው» ይሉታል። ካፖርቱ ከእጁ ይወድቃል።

እስቲ አስቡት፣ ይህን ትዕይንት ለእኛ ተዋናይ ብንሰጠው! «ወይኔ! ወይኔ!» ብሎ ወለሉ ላይ ይንከባለልልን ነበር። ተመልካቹም ያጨበጭብ ይሆናል። ነገር ግን ተዋናዩ አልቅሶ ከጨረሰ ተመልካቹ የሚያለቅሰው ምን ቀረለት?

ዋታናቤ በቀረችው ዕድሜ ያንን መጫወቻ ያሠራል። ሲሞት ክብሩን አለቆቹ ይወስዱታል። በመጨረሻው ሌሊት ግን በረዶ እየወረደበት፣ እዚያው መጫወቻ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ በለሆሳስ ሲዘፍን እናየዋለን። ሺሙራ እዚህም አይጨምርበትም። እኔ ይህን ሰው ከብዙ ኦስካር ተሸላሚ አስበልጠዋለሁ።

የመጨረሻው «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ነው፤ የ1954 ፊልም፣ ኤሊያ ካዛን ያዘጋጀው። የኒውዮርክ አካባቢ የወደብ ሠራተኞችን ማኅበር ወንበዴዎች ይዘውታል። የቀድሞው ቦክሰኛ ቴሪ እንዲመሰክርባቸው ተጠርቷል። ወንድሙ ቻርሊ የወንበዴዎቹ ቀኝ እጅ ነው። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ዝም በል፣ ሥራ እንሰጥሃለን» ይለዋል። አልሆን ሲለው ሽጉጥ ይመዝዝበታል። ቴሪ፣ ማለትም ማርሎን ብራንዶ፣ አይቆጣም፣ አይደነግጥም። ልክ ሕፃን ልጅ የያዘውን ቢላዋ እንደምንቀበለው ሽጉጡን በእጁ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ራሱን ይነቀንቃል። ለወንድሙ ያዝንለታል!

ስለዚህ ፊልም ሳወራ አንዱን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ካዛን በ1952 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የ8 የቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ ጓዶቹን ስም የሰጠ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራው ፊልም ደግሞ ጀግናው የሚመሰክር ሰው ነው። ብዙዎች «ራሱን ለማጽደቅ ነው» ብለውታል። በ1999 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ከአዳራሹ ታዳሚ ከፊሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ከፊሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጆሮ ጠቢ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው፣ የተቀመጡትን መረዳት አይከብድም። ቴሪ ያጋለጠው ነፍሰ ገዳዮችን ነው፤ ካዛን ያጋለጠው የጓደኞቹን ሐሳብ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ማንም አንድ ናቸው ቢለኝ አልቀበልም። ቢሆንም ያቺን ታክሲ ከልቤ ማውጣት አልችልም። ትዕይንቷ የካዛን ብቻ ሳትሆን የሁለቱ ተዋንያን ጭምር ናት።

አሁን ፊልሙን ልንከፍተው ነው። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዓለም ሁሉ ብራንዶን ነው የሚያየው፤ እናንተ ተዉት። ቻርሊን የሚጫወተውን ሮድ ስታይገርን ብቻ እዩልኝ። ቴሪ የተበላሸ ሕይወቱን ሲዘረዝርለት ስታይገር ይሰማል። ወንድሙን ከለቀቀው እሱ ራሱ እንደሚገደል ያውቃል። የሚወስንባትን ሰከንድ ፈልጉ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፦ የስታይገር ፊት በቅርብ ሲቀረጽ ብራንዶ ሄዶ ነበር። ከካሜራው ጎን ሆኖ የብራንዶን ቃል ያነበበለት ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ያን ሁሉ የሰማው ከሌለ ወንድም ነው!

እስቲ መብራቱን አጥፉልን።