ምክር ቤቱ የሚዘጋበት ሥርዓት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን እንደሚያበቃ ስለሚደነግግ፣ ጉባኤውን የሚዘጋው የአስፈጻሚው ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ በሕግ የተቆረጠ ቀን ነው።

ቀላል የሚመስለው ይህ ድንጋጌ ክብደቱ የሚታወቀው ከቀደመው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ነው፤ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ የፓርላማውን መከፈት ለማዘግየት፣ ስብሰባውን እስከ 30 ቀን ለማገድ፣ ምክር ቤቶቹንም ለመበተን ሥልጣን ነበራቸውና። የዚያ ፓርላማ ፍጻሜ ግን በዚህ መንገድ አልመጣም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ሲነገራቸው፣ ደርግ ፓርላማውን ዘግቶ ሕገ መንግሥቱን አገደ።

መበተን ማለት የምክር ቤቱ የአምስት ዓመት የሥራ ዘመን ሳያልቅ አባላቱን አሰናብቶ አዲስ ምርጫ መጥራት በመሆኑ፣ ከሰኔው መዘጋት ፈጽሞ ይለያል። ዛሬ በአንቀጽ 60 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ አዲስ ምርጫ ለማካሄድ ምክር ቤቱ እንዲበተን ማድረግ የሚችሉት በራሱ በምክር ቤቱ ፈቃድ ሲሆን፣ ምርጫውም ከ6 ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መካሄድ አለበት፤ እስከዚያ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ አልፎ አዲስ አዋጅ ሊያወጣ፣ ነባሩንም ሊሽር አይችልም።

የሥራ ዘመን በመበተን ከማጠር ይልቅ የተራዘመበት ጊዜም አለ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ምርጫውን ባስተጓጎለ ጊዜ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰጠው የሕገ መንግሥት ትርጉም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን በመራዘሙ፣ ተተኪው ምክር ቤት የተከፈተው መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።