የዓለም ታሪክ ከፒያሳ ሲነሳ
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ዘመናዊው የዓለም ታሪክ ትምህርት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ሩቅ ላለመሄድ ወሰንኩ። የምወስዳችሁ ፒያሳ ድረስ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችን ታሪክን የተማርነው በሁለት ደብተር ነው። በአንደኛው የፈረንሳይ አብዮት፣ የኢንዱስትሪ አብዮት፣ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ነበሩ። በሌላኛው መቅደላ፣ ዓድዋና ማይጨው። መምህሩም ለየብቻ፣ ፈተናውም ለየብቻ። ሁለቱ ደብተሮች የት ይገናኛሉ የሚል ጥያቄ ግን እምብዛም አይወጣም ነበር። ዛሬ ማለት የምፈልገው ይኼንኑ ነው፤ የዓለምን ታሪክ የምናስተምር ከሆነ ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ እንነሳ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ ቦታው ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከራስ መኰንን ድልድይ አቅራቢያ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን አለ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ባንድ አይተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ታዲያ ተማሪያችን «እነዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን ምን ነጠቃቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ግዛት በጀመረው የአርመኖች ጭፍጨፋ ነው። የገዛ አገሩን መዝሙር ታሪክ ሲከተል የአንድን ትልቅ ግዛት መፍረስ ያጠናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ንግድና ወረራ ነው። በአራዳ ከታወቁት ትላልቅ ንግድ ቤቶች አንዱ ከሕንድ የመጣው የመሐመድ አሊ ድርጅት ነበር። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች፣ የጣሊያን ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ድርጅቱን ዘግተው ሲያስወጡት ነገሩ ለንደን ፓርላማ ድረስ ሄዶ ጥያቄ ሆነ። እነዚሁ ወራሪዎች ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቅደው በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ፒያሳም መርካቶም የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው።

እዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካን አምጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እዚያ ጥቁሮችን በከተማ ለይቶ የሚያሰፍር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1923 ወጥቶ ነበር። በዚያ አገር ሕግ በሕግ ላይ እየተደረበ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። እኛ ዘንድ ወረራው በአምስት ዓመት አበቃ፤ የዘር አጥሩም አብሮ ተነሳ። ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም። ለምን? ከዚህ የተሻለ የፈተና ጥያቄ የሚኖር አይመስለኝም።

ማወዳደርን እኛ አልጀመርነውም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር እያስተያዩ ጽፈዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት መነሻ አደረጉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በቀጣዩ ዓመት ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ አወጡ። እኒህ ሰዎች ሌላውን ዓለም ያጠኑት «አገራችን ሳትያዝ ምን እናድርግ?» ብለው ነው። እኛ ደግሞ ከእነሱ ቀጥለን መጠየቅ ያለብን አለ። ጃፓን ከሜጂ ዘመን በፊትም ሰፊ የገበያ ትስስርና ብዙ ማንበብ የሚችል ሕዝብ ነበራት። የሕግ አንቀጽ ተወስዶ ሊመጣ ይችላል፤ ይኼኛውስ ከየት ይምጣ?

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። «በ1928 ጣሊያን...» ብዬ ብጀምር ምን ትጠብቃላችሁ? በእኛ አቆጣጠር የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። በፈረንጆቹ 1928 ግን ኢትዮጵያና ጣሊያን የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ምልክት የዘለለ ተማሪ ወዳጅነትንና ወረራን ያቀያይራል። ስለዚህ ሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ይግባ።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ጉዳይ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪዎቹም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ስለ ልማቱ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ ዛሬ እሱን ልከራከር አልመጣሁም። የታሪክ ሰው ግን አንድ ነገር ያሳስበዋል። ቤቱ ሲፈርስ በግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶ፣ በሳጥኑ ውስጥ የነበረው የኪራይ ደረሰኝ፣ የሱቁ የሒሳብ መዝገብ፣ ከውጭ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ በየቤተሰቡ ጓዝ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል፤ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ይኼ ሱቅ የማን ነበር?» ብንል የሚመልስልን ሽማግሌ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የፒያሳ ልጆች የሆናችሁ፣ ዋናውን ለራሳችሁ አስቀምጡና ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲያችን ስጡ፤ ከጀርባው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉበት፤ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። ሮም፣ ለንደን፣ ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ተማሪ ሰነድ ሲፈልግ ማኅደር ቤት ሄዳችሁ አግዙት። መምህራኖቻችን ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የፒያሳ ቤት ወይም አንድ ሱቅ ስጡት። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ከወጣው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ አንድ ማስረጃ፣ ከውጭ ማኅደር አንድ፣ ከአዛውንት አፍ አንድ ይዞ ይምጣ። ሦስቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ለምን እንዳልተስማሙ ይጻፍ።

ቅጂ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ እጠብቃችኋለሁ።