ጄሶው ከተፈታ በኋላ
አዳልጧችሁ በመዳፋችሁ መሬት ስትደገፉ የእጅ አንጓችሁ ተሰበረ እንበል። አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ፣ ወይም ሐኪም ከመለሰው፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና 6 ሳምንት ገደማ በጄሶ ታስሮ ይጠገናል። ታዲያ እጄ ታስሯል ብሎ ጣትን አለማንቀሳቀስ ደግ አይደለም፤ ጨበጥ ዘርጋ አድርጉ፣ ክርንና ትከሻችሁንም አትርሱ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከባሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። የወጌሻ ቀርከሃም ቢሆን ከልክ በላይ ጠብቆ ደም ከከለከለ እጅ ያሳጣል።

ጄሶው ሲፈታ እጁ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ፣ አንጓው አልታጠፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አለማምዱት። ጀሪካን ማንሳትና ልብስ መጭመቅ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። የመጨበጥ ኃይል እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል።