ስለ መሐላ አል ኩብራ ከተማና ስለ ሸማኔዎችዋ

መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ ጥጥ እያበቀለ ልብሱን ከባዕድ የሚገዛ አገር የድካሙን ትርፍ ለማን ይሰጣል? ይህን ነገር ለማስረዳት በግብፅ ያለችው የመሐላ አል ኩብራ ከተማ ታሪክ ይበቃል።

ይህች ከተማ ከካይሮ በስተሰሜን፥ ዓባይ በሁለት ተከፍሎ ወደ ባሕር በሚወርድበት ለምለም ሜዳ፥ ጋርቢያ በሚባለው አውራጃ ትገኛለች። ሰዎችዋ ፋብሪካ ሳይመጣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሐርና ጥጥ በእጃቸው ይሸምኑ ነበር።

በመሐመድ ዓሊ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ገደማ፥ ጭረቱ ረዥም የሆነ ጥጥ በግብፅ መዘራት ጀመረ። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የጥጥ ዋጋ እጅግ ስለ ወጣ፥ ብዙ ገበሬ እርሻውን ለጥጥ አደረገው። ነገር ግን የሚበዛው ጥጥ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር እየሄደ፥ በዚያ ተፈትሎና ተሸምኖ ይመለስ ነበር፤ ግብፃዊውም የገዛ ጥጡን በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛዋል። እንግሊዞች አገሩን ይዘው ሳሉም፥ በ1901 በግብፅ ፋብሪካ በሚሠራ የጥጥ ልብስ ላይ ከመቶ 8 ቀረጥ ተጣለበት።

ታላዓት ሐርብ የሚባለው ሰው ይህን ተመልክቶ፥ በ1920 ከባልንጀሮቹ ጋር የምስር ባንክን አቋቋመ። መነሻው 80,000 የግብፅ ፓውንድ ነበረ፤ አክሲዮኑንም ከግብፃውያን በቀር ማንም እንዳይገዛ ተወሰነ። ባንኩ በ1927 በመሐላ ታላቅ የመፍተያና የመሸመኛ ፋብሪካ አቆመ። ከሜዳው የተለቀመው ጥጥ ይዳመጣል፥ ይጠራል፥ ይፈተላል፤ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል፤ በመጨረሻም ይቀለማል። የገበሬውም ልጅ ከማረሻ ወደ መኪና ገባ።

ዳሩ ግን የፋብሪካ መቆም ብቻውን ሠራተኛውን አላጠገበውም። በ1960 ፋብሪካው የመንግሥት ሀብት ሆነ። በ2006 መጨረሻ ላይ ተስፋ የተሰጠው የሁለት ወር ደመወዝ ጉርሻ ስለ ቀረ፥ ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ቀድመው የወጡትም ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። ከጥቂት ቀንም በኋላ የ45 ቀን ደመወዝ ተፈቀደላቸው።

እንግዲህ መምህር ይህን ታሪክ ለልጆች ሲነግር ሁለቱንም ነገር አይተው። ጥጡን በአገሩ መሸመን ሕዝብን ከባዕድ እጅ ያወጣል፤ የሸማኔውን ዋጋ መጠበቅ ግን ሥራውን ያጸናዋል።