ስለ አማተር ራዲዮ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፥ መንገዱ ይቆረጣል፥ መብራት ሲጠፋም ስልኩ ዝም ይላል። ምጥ የጠናባት ሴት ተኝታ ሳለች ሰው በእግሩ ወደ ወረዳ ሲሮጥ አይታችኋል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አማተር ራዲዮ ነው። ዜናና ዘፈን የምንሰማበት ራዲዮ አይደለም፤ ሰው ከሰው ጋር ተራ በተራ የሚነጋገርበት ነው። በመካከሉ የስልክ ምሰሶ የለም፤ ከእናንተ አንቴና ወደ ባልንጀራችሁ አንቴና ብቻ ነው።

አገራችን ተራራ ይበዛባታልና ይህ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ራዲዮ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። በ7 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። 20 ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ከመካከሉ ቁረጡና ወደ ራዲዮው የሚወርደውን ገመድ እዚያው ላይ እሰሩ። ከየወገኑ 10 ሜትር ይሆናል። ይህን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ብትዘረጉት፥ ሞገዱ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይኛው አየር ተመልሶ በተራራው ማዶ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በቀን ጊዜ ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ መነጋገር የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሽቦውን በቆርቆሮ ጣራ ላይ አጋድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ጩኸት ብቻ ስሰማ ከረምሁ። እናንተ ከቆርቆሮ አርቁት፤ ከመብራት መስመርማ ይልቁንም አርቁት፥ ይገድላልና። ሰማይ ሲያጉረመርም ገመዱን ከራዲዮው ንቀሉ። ኃይሉን 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሰጣል፤ ባትሪውም በፀሐይ ይሞላል።

የሚጀመረው በማዳመጥ ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ፥ ‹ኤስኤስቢ› የሚባለውንም የሚፈታ መቀበያ ፈልጉ፤ ያለዚያ ንግግሩ የዳክዬ ጩኸት ይሆንባችኋል። ፈቃድ ሳይኖረው ግን ማንም አይናገር። ስለ ፈቃዱም ሆነ ዕቃውን ስለ ማስመጣት አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። የልማት ሠራተኞች፥ ማመልከቻውን መጻፍ የእናንተ ፋንታ ነው። ጣቢያው በአንድ ሰው ቤት ከሚሆን በትምህርት ቤት ቢቆም ይሻላል፤ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ‹ኢቲ 3 ኤኤ› እንኳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሲያለማምድ ቆይቷል።

የእህል ንግድ በዚህ ራዲዮ አይነገድም፤ ለገንዘብ ጥቅም የሚደረግ ንግግር በዓለም ሕግ ክልክል ነው። ማንም ሰው ስለሚሰማውም የቤት ምሥጢር አይወራበት።

መቀበያውንና ሽቦውን ይዤ መጥቻለሁ። መሰላል ያለው ሰው ያምጣልን፤ ከዚያኛው ዛፍ እንጀምራለን።