ወጣትነት ለልብ ዋስትና አይሆንም
(ለሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ከማኅበሩ የጤና ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



«የልብ በሽታ የሽማግሌና የባለጸጋ ነው» የሚለው አባባል በመካከላችን ሥር ሰዶ ይገኛል። በዚህም ምክንያት አንድ የ30 ዓመት ጎልማሳ ደረቱን ሲጨንቀው «ጨጓራዬ ነው»፣ «ውጋት ነው»፣ ከማሳ የተመለሰ እንደሆነም «ምች መቶኝ ነው» ብሎ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። የልብ ሆኖ ሲገኝ ግን መተኛቱ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ስለሚችል ዛሬ ነገሩን ገልጠን ልንነጋገርበት ወደናል።

ልብ ለመላው አካል ደም ያድላል፤ ለራሱም ቀለብ የሚያገኘው በላዩ ላይ ከሚሄዱ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ላይ ስብ ለዓመታት ሲጋገር ይቆይና አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ደም ይረጋበታል፤ መንገዱም ይዘጋል። ደም ያጣው የልብ ሥጋ በደቂቃዎችና በሰዓቶች ውስጥ ይሞታል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ስቡ መጋገር የሚጀምረው በእርጅና ጊዜ አይደለም። የእኛም ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። ሆኖም ከመቶ 77ቱ የልብ ደም ሥራቸው ላይ የበሽታው ምልክት ተገኝቷል። ጠመንጃ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ጎረምሳ እንዲህ ከሆነ እኛስ በጉልበታችን ብቻ እንዴት እንመካለን?

በሽታውን የሚያፋጥኑትን ነገሮች እንመልከት።

አንደኛ፣ ትምባሆ ነው። በወጣትነታቸው በዚህ ሕመም ከሚያዙት መካከል አጫሾች እጅግ ይበዛሉ። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ገንዘብ እጅ ሲገባ ሲጋራውም ሺሻውም አብሮ እንደሚበዛ ሁላችን የምናውቀው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ደስ የሚለው ነገር፣ ማጨስ ያቆመ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ ከማጨስ የመጣበት የልብ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል።

ሁለተኛ፣ ጫት ነው። የልብን ምት ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከሲጋራ ጋር ሲሆንማ በልብ ላይ ሁለት ጭነት ነው። አረቄም ሲበዛ ግፊትን ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ የደም ግፊትና ስኳር ነው። ሁለቱም ሳያሳምሙ ውስጥ ውስጡን ይሠራሉ። ግፊት ተደጋግሞ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ወጣቶችም ጤና ጣቢያ ጎራ እያሉ እንዲለኩ እናሳስባለን። አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ የታመመችበት ሰው ግን ይልቁን አይዘግይ።

አራተኛ፣ ማዕዳችን ነው። አገራችን የሰሊጥ አገር ነው። ነገር ግን ሰሊጡን ሸጠን የሚረጋ ዘይት ገዝተን እንገባለን። የሚረጋው ዘይት ደም ሥርን የሚያጨናንቀውን ስብ የሚያበዛ ሲሆን የሰሊጥ ዘይት ግን ለልብ የተሻለ ነው። ጨውም ቢሆን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል።

እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ሌላው በሽታ ከልጆች ጉሮሮ የሚነሳ ነው። ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አስከትሎ የልብን በር ያበላሻል። ልጅ ጉሮሮው ሲታመም ቶንሲሉን ከማስቆረጥ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይሻላል። ልቡ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሲታዘዝለት «አሁንማ ድኗል» ብላችሁ አታቋርጡበት። የልብ በር አንዴ ከተበላሸ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚህም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ደረት መሀል ላይ ድንጋይ እንደተጫነ ያህል መክበድ ወይም መጨምደድ፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ። በሴቶች ላይ ትንፋሽ ማጠሩና ድካሙ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ይህ ሁኔታ ዐረፍ ተብሎም ካልተወ፣ «እስኪነጋ ልየው» ማለት አይገባም። በሽተኛውን አታስኪዱት፤ አስቀምጡት፤ ባጃጅም ሆነ የተገኘውን መኪና ይዛችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል አድርሱት። እዚያ የልብ ምርመራ ተደርጎለት አስፈላጊ ከሆነ ወደ ጎንደር ይላካል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቢወድቅና ባይተነፍስ ደግሞ በሁለት እጅ ደረቱን መሀል ላይ ጠንከር አድርጎ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ እርዳታ እስኪደርስም ማቋረጥ አይገባም።

ለቀን ሠራተኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ከደጋ ለአጨዳ የመጣ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ደረቴን አመመኝ ሲል የሚያደርሰው ጎረቤት እኛው ነን። አሠሪውም «ሥራ ሸሽቶ ነው» ከማለቱ በፊት ያሳክመው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ስለዚህ ወገኖች፣ ግፊታችንን እንለካ፣ ሲጋራውን እንጣል፣ የልጆቻችንን ጉሮሮ እናሳክም፣ የደረት ሕመምን አንናቅ።