ትኩሳት የሌለው ሰው ኮሮናን ያስተላልፍ እንደ ሆነ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



እናት ልጇ ታሞ እንደ ሆነ ለማወቅ አስቀድማ የምትዳስሰው ግንባሩን ነው። የጋለ እንደ ሆነ ታሟል ትላለች፤ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ግን ደኅና ነው ብላ ወደ ትምህርት ቤት ትሰደዋለች። ይህ ልማድ ለወባና ለተስቦ ብዙ ጊዜ ጠቅሟል። ለኮሮና ግን አይበቃም፤ ይህ በሽታ ትኩሳት ከሌለው ሰውም ይተላለፋልና።

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ዘበኛው የሙቀት መለኪያ ይዞ የገቢውን ግንባር ይለካ ነበር። መለኪያው ዝም ያለለት ሁሉ ጤነኛ ተብሎ ይገባ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት የተጀመረ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሳርስ የተባለው የኮሮና ዘመድ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ 774ቱን ገድሎ ነበር። በዚያ በሽታ ሕመምተኛው አብዝቶ የሚያስተላልፈው ከታመመ በኋላ፥ ይልቁንም በሁለተኛው ሳምንት ስለ ነበረ፥ ትኩሳት ያለውን እየፈለጉ ለብቻው በማኖር በዚያው ዓመት ሊያቆሙት ቻሉ። በኋላ የመጣው ኮሮና ግን ጠባዩ ሌላ ሆነ።

በሰሜን ኢጣልያ ቮ የምትባል 3,000 ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር አለች። በየካቲት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ከነዋሪዎቿ አንዱ በኮሮና ሞተ። መንግሥትም መንደሪቱን ዘጋ፤ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም የታመመውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ነኝ የሚለውንም ጨምረው ከሕዝቡ አብዛኛውን መረመሩ፤ ጥቂት ቀን ቈይተውም ደገሙት። በሽታው ከተገኘባቸው ከ100 ሰዎች ከ40 የሚበልጡት ትኩሳትም ሳልም አልነበራቸውም፥ በኋላም አልታየባቸውም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ በአፍንጫቸው የተገኘው የቫይረሱ ብዛት ከታመሙት ያነሰ አለመሆኑ ነው። ከእነርሱም ወደ ቤተ ሰዎቻቸው የተላለፈ እንደ ነበረ ተረጋገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩሳት ቫይረሱ ራሱ አይደለም፤ ሰውነት ጠላት መግባቱን ሲያውቅ የሚያነድደው እሳት ነው። ኮሮና ግን ሰውነት ገና ሳይነቃ በአፍንጫና በጕሮሮ ውስጥ ይራባል። ሰውየው ሲናገር፥ ሲዘምር፥ ሲተነፍስም ሳይቀር፥ ከዓይን በሚሰወሩ ነጠብጣቦች እየወጣ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ጢስ ይንሳፈፋል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ከተያዘ በኋላ ሕመም እስኪሰማው 5 ቀን ያህል ይቈይ ነበር፤ ኋላ በመጡት ዝርያዎች ጊዜው አጥሯል። ማስተላለፍ የሚጀምረው ግን ሕመሙ ከመሰማቱ 2 ቀን ያህል አስቀድሞ ነው።

እዚህ ላይ ለይቶ ማየት ይገባል። አንዱ ሰው ነገ የሚታመም፥ ዛሬ ግን ደኅና የሚመስል ነው። ሌላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያመው የሚያልፍ ነው። ሁለቱም ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰ እንደሚያስተላልፍ ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም እያሳለው፥ አፍንጫውም እየፈሰሰ፥ ትኩሳት ስለሌለኝ ጉንፋን ብቻ ነው የሚል ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ምልክቱን ይዞ ሳለ ይክደዋልና።

ጤነኛ መስሎ በሽታ ማስተላለፍ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ፥ ሜሪ ማሎን የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። በሠራችባቸው ቤቶች ሰዎች ታይፎይድ በሚባለው ተስቦ ሲወድቁ እርሷ ግን ምንም አላመማትም፤ ስለዚህ ሐኪሞች የነገሯትን አልተቀበለችም። በመጨረሻ በ1931 ዓ.ም. በደሴት ላይ ተለይታ እንደ ተቀመጠች ሞተች። ክፉ ነበረች ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ጤንነቱን በገዛ ሰውነቱ እያየ ሕመምተኛ ነህ ቢሉት ማን ፈጥኖ ያምናል? ሳያውቅ በሽታውን ለአያቱ ያደረሰ ልጅም እንደ በደለኛ ሊቈጠር አይገባም።

ከሽማግሎች አንዱ፦ እንግዲያስ ሰው ሁሉ ሰውን ሊፈራ ነውን? ለቅሶስ ሊቀር ነውን? ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። አይቀርም። ከክትባቱና አስቀድሞ ከመያዝ የተነሣ ዛሬ ብዙ ሰው በቀላል ያልፈዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜውን አንሥቷል። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ ሽማግሎችንና የስኳር ወይም የልብ በሽታ ያለባቸውን አሁንም ይጐዳል። በየመንደሩ ጉንፋን በበዛ ጊዜ መምህሩ የክፍሉን መስኮት ይክፈት፤ ቢቻል ከዛፍ ጥላ ሥር ያስተምር። የሚያስለው ልጅ ግንባሩ ቢቀዘቅዝም እስኪሻለው በቤቱ ይቈይ። አያቱን የሚጠይቅም አፍንጫውንና አፉን ሸፍኖ፥ ከጎጆው ውስጥ ይልቅ በደጅ ተቀምጦ ያጫውታት።

የሙቀት መለኪያውም አይጣል። ትኩሳት የተገኘበት ልጅ ወባ ይዞት ይሆናልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።